በጫጫታ ሳቢያ የሚመጣ የመስማት ችግር፦ ቀስ ብሎ የሚደርስ ጉዳት፣ አስቀድሞ የሚገኝ መከላከያ

የሥራው ቀን ተጠናቆ ሠራተኞችን የጫነው አውቶቡስ ወደ መኖሪያ ሰፈር ሲመለስ፣ ቀኑን ሙሉ በአስፋልት መቆፈሪያ፣ በብረት መቁረጫ ወይም በጄኔሬተር አጠገብ የዋለ ሰው ጆሮው ጭው ሲል ይሰማዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው የሚናገረው ቃል በጥጥ ተጠቅልሎ የሚመጣ ያህል ይደፈንበታል። ማታ ወደ አገር ቤት ሲደውል የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጋል። በማግስቱ ጠዋት ጭውታው ጠፍቶ፣ ድምፁም ጠርቶ ስለሚያገኘው ነገሩን ይረሳዋል።

በየዕለቱ የሚደጋገመው ይህ ትንሽ ገጠመኝ የጆሮ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። በጫጫታ ሳቢያ የሚደርስ የመስማት ጉዳት አንድ ጊዜ ከጸና በኋላ በመድኃኒትም ሆነ በቀዶ ሕክምና ወደ ነበረበት አይመለስም። በአንጻሩ አስቀድሞ ጥንቃቄ ከተደረገ ሊወገድ የሚችል ጉዳት ነው። ጥንቃቄው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ትኩረት የሚሻ ያደርገዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው የመስማት ጤና ሪፖርት፣ በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል፣ ከእነዚህም ቢያንስ 700 ሚሊዮኑ የተሃድሶ አገልግሎት እንደሚያስፈልጋቸው አመልክቷል። ድርጅቱ እንደሚለው ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች ጤናማ ባልሆነ የማዳመጥ ልማድ ምክንያት ለአደጋ ተጋልጠዋል። ጫጫታ ከችግሩ ልዩ ልዩ መንስኤዎች አንዱ ቢሆንም፣ ሰው በራሱ እጅ ሊቀንሰው የሚችለው ግን እርሱ ነው።

ጆሮ እንዴት ይሰማል፣ እንዴትስ ይጎዳል?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ በውጭኛው ጆሮ ቀዳዳ አልፎ የጆሮ ታምቡርን ይመታል። ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግሩታል። በዚያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል፣ ፈሳሽ የሞላበት ጠመዝማዛ አካል ይገኛል። በውስጡ በረድፍ የተደረደሩ፣ ጫፋቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ልዩ ሕዋሳት አሉ። ፈሳሹ ሲናወጥ የሕዋሳቱ ጫፎች ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜውም ወደ ነርቭ መልእክትነት ተለውጦ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰው «ሰማሁ» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ሕዋሳት በቁጥር 15 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ሰው ይዟቸው ይወለዳል፤ ሲሞቱ የሚተካቸው የለም። ወፎች የጠፋባቸውን የመስሚያ ሕዋስ መልሰው ማብቀል እንደሚችሉ ተመራማሪዎች ያረጋገጡ ሲሆን፣ የሰው ልጅ ግን ይህ ጸጋ የለውም።

ኃይለኛ ድምፅ በእነዚህ ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በመስክ ላይ ከበቀለ ሣር ጋር ሊነጻጸር ይችላል። አንድ ሰው አንዴ ረግጦት ቢያልፍ ሣሩ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ቆይቶ ይቃናል። ከሥራ በኋላ የተደፈነው ጆሮ በማግስቱ የሚከፈተውም በዚሁ ምክንያት ነው። በየቀኑ ከተረገጠ ግን ሣሩ ይደርቅና መሬቱ መንገድ ይሆናል። ከዚህ በተለየ፣ እንደ ፍንዳታና የጥይት ተኩስ ያለ ድንገተኛና እጅግ ከፍተኛ ድምፅ በአንድ ቅጽበት ዘላቂ ጉዳት ሊያደርስ፣ ታምቡርንም ሊቀድ ይችላል።

የድምፅ ልኬት፦ ትንሽ የሚመስል ቁጥር፣ ትልቅ ልዩነት

የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሹክሹክታ 30 ዴሲቤል ገደማ፣ መደበኛ ንግግር 60 ገደማ፣ የተጨናነቀ የመኪና መንገድ ከ80 እስከ 85፣ የኮንክሪት መስበሪያ ጃክ ሀመር 100 እና ከዚያ በላይ፣ በቅርበት የሚሰማ የአምቡላንስ ሳይረን ደግሞ 120 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል።

ይህን ልኬት እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር መቁጠር ስሕተት ላይ ይጥላል። ዴሲቤል በ3 ሲጨምር ጆሮ ላይ የሚያርፈው የድምፅ ኃይል በእጥፍ ያድጋል፤ በ10 ሲጨምር አሥር እጥፍ ይሆናል። ሰው ግን የ3 ዴሲቤል ልዩነትን በጆሮው ብዙም አይለየውም። አደጋው ሳይታወቅ የሚያልፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሥራ ጤና ዘርፍ በስፋት ተቀባይነት ያገኘው የጥንቃቄ ወሰን በቀን 8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ በ97 ዴሲቤል 30 ደቂቃ፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት መሠረት፣ ያለ መከላከያ በ100 ዴሲቤል ጫጫታ ውስጥ 2 ሰዓት የሠራ ሰው የአንድ ቀን ገደቡን ስምንት ጊዜ አልፏል።

መለኪያ መሣሪያ በሌለበትም ጫጫታውን መገመት ይቻላል። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅን ከፍ ማድረግ የግድ ከሆነ፣ በቦታው ያለው ጫጫታ 85 ዴሲቤል ሳይደርስ ወይም ሳያልፍ አይቀርም። ከሥራ በኋላ ጆሮ ጭው ካለ ወይም ከተደፈነ ደግሞ የዕለቱ መጠን ከልክ አልፏል።

ባለቤቱ ዘግይቶ የሚያውቀው ጉዳት

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአበው አባባል የሚነገረው ሰው በሌለበት ስለሚወራበት ነገር ነው። አባባሉ ለዚህም ችግር ይሠራል፤ የጆሮውን መዳከም ከባለቤቱ አስቀድመው የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ናቸው። «ቴሌቪዥኑን ለምን እንዲህ ታስጮኸዋለህ?» ብለው የሚጠይቁት የክፍል ጓደኞች ናቸው። «ስትናገሪ ለምን ትጮኺያለሽ?» የምትለውም በስልክ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለችው እኅት ናት።

ለዚህ ግልጽ ምክንያት አለ። ጫጫታ አስቀድሞ የሚጎዳው ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበለውን የውስጥ ጆሮ ክፍል ነው። ወፍራም ድምፆችንና አናባቢዎችን የሚሰማው ክፍል ለረዥም ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቆያል። በመሆኑም ተጎጂው ሰው መናገሩን ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አጥርቶ አይለይም። «እሰማለሁ፤ ሰዎች ግን አፋቸውን አፍነው ነው የሚያወሩት» የሚል ቅሬታ የችግሩ የተለመደ መልክ ነው።

በአማርኛ «ሰፋ»፣ «ከፋ»፣ «ተፋ»፣ «ጠፋ» የሚሉት ቃላት የሚለያዩት በመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው። አናባቢያቸው አንድ ነው። ተነባቢዎቹን የማይለይ ጆሮ ግን አራቱንም እንደ አንድ ቃል ይሰማቸዋል። ስለ ታመመች እናት በስልክ የሚነገር «ሕመሙ ጠፋ» የሚል የምሥራችና «ሕመሙ ከፋ» የሚል መርዶ መሰል ወሬ የሚለያዩት በዚያች አንዲት ድምፅ ነው።

ጉዳቱ በውጭ አገር ለሚሠራ ሰው እጥፍ ይሆናል። ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያዳምጥ ያመለጠውን ድምፅ ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነሥቶ ይሞላዋል። በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትእዛዝ ሲሆን ግን፣ ቋንቋውን ገና በመልመድ ላይ ያለ ሰው የጎደለውን የሚሞላበት በቂ ስንቅ የለውም። አሠሪው ወይም ፎርማኑ ሁለቴ ሦስቴ ሲደግምለት ቆይቶ «ይህ ሰው አይገባውም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ችግሩ ግን የጆሮ እንጂ የማስተዋል አይደለም። ከዚህም በላይ የፎርክሊፍት የኋላ ማርሽ ድምፅን ወይም የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወልን በወቅቱ አለመስማት ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

በሥራ ቦታ፦ መፍትሔው ከማሽኑ ይጀምራል

በሥራ ጫጫታና በመስማት ችግር መካከል ያለው ግንኙነት አዲስ ግኝት አይደለም። የሥራ ሕክምና አባት የሚባለው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቬኒስ ቀኑን ሙሉ መዳብ የሚቀጠቅጡ አንጥረኞች ጆሯቸው እየከበደ መሄዱን ጽፏል። በ1886 ደግሞ ቶማስ ባር የተባለ የጆሮ ሐኪም በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ የእንፋሎት ቦይለር የሚሠሩ ሠራተኞችን ከፖስታ አዳዮች ጋር አነጻጽሮ፣ የቦይለር ሠሪዎቹ የመስማት ችሎታ እጅግ የተዳከመ መሆኑን አሳይቷል። ያን ጊዜ ያልነበረው መከላከያ ዛሬ በየሥራ ቦታው ሊገኝ የሚችል ነው።

የሥራ ጤና ባለሙያዎች የመከላከያ እርምጃዎችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ቀዳሚው ጫጫታውን ከምንጩ ማጥፋት ወይም መቀነስ ነው። ያረጀውን ማሽን ጸጥተኛ በሆነ መተካት፣ የላላ ቡሎን ማጥበቅ፣ የተበላ ኩሽኔታን መቀየር፣ የጄኔሬተርን የጭስ ማውጫ ማፈኛ መጠገን እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ሁለተኛው ድምፁን በመንገዱ ላይ ማገድ ሲሆን፣ ኮምፕሬሰሩን በልዩ ክፍል መዝጋት ወይም በማሽኑና በሠራተኛው መካከል ድምፅ የሚውጥ ግድግዳ ማቆም ይቻላል። ርቀትም ራሱን የቻለ መከላከያ ነው። በገላጣ ቦታ ከድምፅ ምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ጄኔሬተሩን ከ5 ሜትር ወደ 10 ሜትር ማራቅ፣ በአጠገቡ መቆየት የሚቻልበትን ጊዜ አራት እጥፍ ያራዝመዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የሥራውን አደረጃጀት ይመለከታል። ከፍተኛ ጫጫታ ያለውን ሥራ በፈረቃ መከፋፈል፣ ጥቂት ሰው ባለበት ሰዓት ማካሄድ፣ ለዕረፍትም ጸጥ ያለ ቦታ ማዘጋጀት ይገባል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በየዓመቱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 12:30 እስከ 3:00 ሰዓት እንደ አገሩ አቆጣጠር፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሥራ እንዲቆም የሚያደርገው የቀትር ዕረፍት የታሰበው ሠራተኞችን ከሙቀት ለመጠበቅ ነው። የዕረፍቱ ጥላ ከጄኔሬተር ርቆ ከተዘጋጀ ግን ያው ሁለት ሰዓት ተኩል ለጆሮም ማገገሚያ ይሆናል።

የጆሮ መከላከያዎች የሚመጡት በመጨረሻ ነው። መጨረሻ መሆናቸው ግን ዋጋቸውን አያሳንሰውም። በግንባታ፣ በብረታ ብረት፣ በልብስ ማጠቢያ፣ በማሸጊያ ፋብሪካና በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ለተሰማራ ሠራተኛ የመጨረሻው አጥር እነርሱ ናቸው።

መከላከያን በአግባቡ መጠቀም

በብዛት የሚታደለው ከስፖንጅ የተሠራው ትንሹ የጆሮ መድፈኛ ነው። ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ ጆሮው ላይ አስቀምጦ ይሠራል፤ እንዲህ ሲሆን የሚሰጠው ጥበቃ እጅግ አነስተኛ ነው። ትክክለኛው አጠቃቀም ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ እጅን ታጥቦ መድፈኛውን በጣቶች መካከል እያሹ ማቅጠን፤ ቀጥሎ ተቃራኒውን እጅ በራስ ላይ አሻግሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ በመሳብ ቀዳዳውን ማቃናትና መድፈኛውን ማስገባት፤ በመጨረሻም ስፖንጁ አብጦ ቀዳዳውን እስኪሞላ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ በጣት ደግፎ መያዝ። በትክክል የገባ መድፈኛ ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው እምብዛም አይታይም፤ የባለቤቱ የራሱ ድምፅም ጎላ ብሎ ውስጥ ለውስጥ ይሰማዋል።

ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድነው መሸፈኛ ለማድረግ ቀላል ነው። ሆኖም ዙሪያው ከቆዳ ጋር ሊገጥም ይገባል። የመነጽር ዘንግ፣ ወፍራም ፀጉር ወይም በሥሩ የተጠመጠመ ሻርፕ ክፍተት ከፈጠረ ድምፁ በዚያው ይገባል። በበጋ ሙቀት መሸፈኛው ላብ ስለሚያጠራቅም ብዙዎች አውልቀው ይሠራሉ። ለእንዲህ ያለው ወቅት የስፖንጁ መድፈኛ ይሻላል። ከ100 ዴሲቤል በላይ በሆነ ጫጫታ ሁለቱን ደርቦ መጠቀም ይመከራል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ጥበቃ ተደምሮ እጥፍ አይሆንም፤ ከጠንካራው ላይ 5 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ይጨምራል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነጥብ አለ። 30 ዴሲቤል የመቀነስ አቅም ያለው መከላከያ የሥራ ሰዓቱን ግማሽ ብቻ ከተደረገ፣ በቀኑ መጨረሻ የሚገኘው ጥቅም ወደ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። ከአሥር ሰዓት አንዷን ሰዓት ብቻ ያወለቀ ሰው እንኳ ጥቅሙ ወደ 10 ዴሲቤል ያሽቆለቁልበታል። በመሆኑም «ለጥቂት ደቂቃ ነው» ብሎ ማውለቅ ቀኑን ሙሉ የተደረገውን ጥንቃቄ ያፈርሳል። ዘወትር የሚደረግ ምቹ መከላከያ፣ በየሰዓቱ ከሚወልቅ ጠንካራ መከላከያ ይበልጣል።

በጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥ ወይም የተጠቀለለ ሶፍት አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። «ጆሮዬ ጫጫታውን ለምዶታል» የሚለው አነጋገርም ያሳስታል። ጆሮ ጫጫታን አይለምድም፤ ድምፁ የቀለለ ከመሰለ ምናልባት የመስማት ችሎታው ቀንሶ ሊሆን ይችላል።

በቤት፣ በመንገድና በስልክ ላይ

ጉዳቱ በፋብሪካና በግንባታ ቦታ የተወሰነ አይደለም። በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን፣ የጁስ መፍጫና የፀጉር ማድረቂያ እንደ ዓይነታቸው ከ70 እስከ 90 ዴሲቤል ድምፅ ያወጣሉ። ለአጭር ጊዜ የሚሠሩ በመሆናቸው በራሳቸው ከፍተኛ ስጋት አይፈጥሩም። አሳሳቢው የማሽኑን ድምፅ ለመሸፈን ሲባል የጆሮ ማዳመጫን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጎ መዝሙር፣ መንዙማ ወይም ሙዚቃ እያዳመጡ መሥራት ነው። ብዙ ስልኮች በከፍተኛው መጠናቸው ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊያወጡ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የማዳመጥ ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። መጠኑ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ሲል ሳምንታዊው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በተግባርም የስልኩን ድምፅ ከከፍተኛው መጠን 60 በመቶ በታች ማድረግ፣ በየመካከሉ ጆሮን ማሳረፍና ማዳመጫ ሰክቶ ከመተኛት መቆጠብ ይመከራል። የውጭ ጫጫታን የሚቀንስ ማዳመጫ ድምፁን ከፍ የማድረግን ፍላጎት ስለሚያቃልል ይጠቅማል። በመንገድ ላይ ለሚጓዝ ሰው ግን የመኪናን ድምፅ ስለሚከልል ጥንቃቄ ይፈልጋል። አብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች የድምፅን ጣሪያ ለመወሰን የሚያስችል ቅንብር ስላላቸው፣ በተለይ ወላጆች ለልጆቻቸው ስልክ ቢጠቀሙበት መልካም ነው።

በሞተር ሳይክል ዕቃ ለሚያደርሱ ሠራተኞች ዋናው ጫጫታ ከሞተሩ ይልቅ በራስ ቁር ዙሪያ የሚያፏጨው ነፋስ ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ከ85 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በልኩ የተሠራና ደኅና የሚገጥም የራስ ቁር ድምፁን ይቀንሳል። በሠርግና በበዓል አዳራሽ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ በየሰዓቱም ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ጆሮን ማሳረፍ ይበቃል። ሕፃናትን ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ጉዳቱን የሚያባብሱ ሌሎች ነገሮች

አንዳንድ ኬሚካሎች በራሳቸው ወይም ከጫጫታ ጋር ተዳምረው የውስጥ ጆሮን ይጎዳሉ። በቀለም፣ በቀለም ማቅጠኛና በማጣበቂያ ውስጥ የሚገኙት ቶሉዊንና ዛይሊን፣ በፋይበር ግላስ ሥራ ላይ የሚገኘው ስታይሪን፣ እንዲሁም እርሳስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በመኪና ቀለም ቅብ ወይም በጀልባ ጥገና ላይ የተሰማራ ሠራተኛ ጆሮውን ብቻ ሳይሆን አየሩንም መጠበቅ ይኖርበታል።

እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም በመስማት ላይ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ የሚታዘዘው አስፈላጊ ሲሆን ስለሆነ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። በጫጫታ ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን ሥራውን አስቀድሞ ለሐኪሙ ቢነግር ተገቢው ክትትል ይደረግለታል።

ምርመራና ማስረጃ

የመስማት ምርመራ ሕመም የለውም። ተመርማሪው በጸጥታ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ፣ የተለያየ ቅጥነትና መጠን ያላቸውን ድምፆች በሰማ ቁጥር ምልክት ይሰጣል። ውጤቱ በግራፍ ይወጣል። በጫጫታ የተጎዳ ጆሮ በ4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ በሚገኝ ጎድጓዳ ምልክት ይለያል፤ ይህም ባለቤቱ ገና ምንም ሳይሰማው ጉዳቱን ለማወቅ ያስችላል።

ጫጫታ ወዳለበት ሥራ የሚገባ ሠራተኛ በመጀመሪያ መነሻ ምርመራ፣ ከዚያም በየዓመቱ ተከታታይ ምርመራ ቢደረግለት ለውጡን በወቅቱ ማየት ይቻላል። መነሻ ምርመራው ትክክለኛ እንዲሆን ቢያንስ 14 ሰዓት ከከፍተኛ ጫጫታ ርቆ መቆየት ያስፈልጋል። ሠራተኛው የውጤቱን ቅጂ ከፓስፖርቱና ከሥራ ውሉ ጋር ቢያኖር ይጠቅመዋል። ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ ሌላ አሠሪ ወይም ወደ አገሩ ሲሄድ የጆሮውን ታሪክ የሚናገርለት ያ ወረቀት ነው። ለጊዜያዊ ግምት የዓለም ጤና ድርጅት በነፃ ያቀረበው የስልክ የመስማት መፈተኛ መተግበሪያ አለ፤ ይሁንና የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ጭውታው ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ በሚያወሩበት ቦታ እንኳ ቃል መለየት ሲያስቸግር፣ ወይም አንዱ ጆሮ ከሌላው ሲዳከም ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በተለይ አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ነገ ዛሬ ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል። በእንዲህ ያለው ሁኔታ ቶሎ የሚጀመር ሕክምና ውጤት የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የጸና ጉዳት ለደረሰበት ሰው ደግሞ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ትልቅ እገዛ ያደርጋል፤ መሣሪያውን ማድረግም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የአሠሪና የሠራተኛ ኃላፊነት

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የግሉን ዘርፍ የሥራ ግንኙነት የሚደነግገው እ.ኤ.አ. የ2021 ዓ.ም. የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 33፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከሥራ አደጋና ከሥራ ሳቢያ ከሚመጡ በሽታዎች የሚከላከሉ መንገዶችን እንዲያቀርቡና ተገቢውን ሥልጠና እንዲሰጡ ያዛል። ሠራተኞችም የደኅንነት መመሪያዎችን የማክበር ግዴታ አለባቸው። በአቡ ዳቢ የሙያ ደኅንነትና ጤና ሥርዓት ውስጥ የሥራ ቦታ ጫጫታን ለብቻው የሚመለከት የአሠራር መመሪያ አለ። የቤት ውስጥ ሠራተኞች ጉዳይ የሚታየው በ2022ቱ የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 9 ነው።

መከላከያ ያልቀረበለት ወይም የተበላሸበት ሠራተኛ ጉዳዩን በመጀመሪያ ለፎርማኑ ወይም ለደኅንነት ኃላፊው ማሳወቅ ይኖርበታል። ምላሽ ካጣ የሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴርን በ600590000 የስልክ ቁጥር ማማከር ይችላል። ጥያቄውን ሲያቀርብ የሥራውን ቦታ፣ የማሽኑን ዓይነትና በቀን ስንት ሰዓት በጫጫታው ውስጥ እንደሚቆይ መዝግቦ መያዙ ነገሩን ግልጽ ያደርግለታል።

ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ሰው ድካሙን የሚታገሠው አንድ ቀን በሰላም ተመልሶ ከወላጆቹና ከልጆቹ ጋር ለመቀመጥ ነው። ያን ቀን በጓዳ የሚያወሩትን፣ በደጅ የሚጠሩትን አጥርቶ ለመስማት የሚያበቃው ጥንቃቄ የሚጀመረው ዛሬ ነው፤ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት መድፈኛውን በአግባቡ በማስገባት፣ ማታም ማዳመጫውን ዝቅ በማድረግ።